ጋኔኑ ከመሬት ሲነሳ

የጭጋጉን ግድግዳ ጥሶ የገባ ተጫዋች ዙሪያውን ለመቃኘት ፋታ አያገኝም። ያለበት ስፍራ በድንጋይ ግንብ የታጠረ ጠባብ ግቢ ነው። ከፊት ለፊቱ ፊቱ የፍየል ራስ ቅል የመሰለ፣ ቀንዳም፣ በሁለት እጁ ሁለት ግዙፍ ቆንጨራ የጨበጠ ጋኔን ቆሟል። ጋኔኑን አይቶ ሳይጨርስ ሁለት ውሾች ይደርሱበታል። አንዱን በጋሻው ሲመክት ሌላው ከጎን ይነክሰዋል። ጋሻ የያዘው ክንዱ ሲዝል ጋኔኑ ከመሬት ይነሳል፤ ሁለቱ ቆንጨራዎች ከላይ ይወርዳሉ፤ ስክሪኑ ይጨልምና ሞቱን የሚያረዳው ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። ከበሩ እስከ ሞት ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሰከንዶች አያልፍም።

ይህ ጋኔን ካፕራ ዲመን ይባላል። የሚገኘው ዳርክ ሶልስ በተሰኘው ጌም ውስጥ ነው። ጌሙን የሠራው ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሲሆን ዳይሬክተሩ ሂደታካ ሚያዛኪ ነበር። በመስከረም 2011 እ.ኤ.አ. በጃፓን፣ በቀጣዩ ወር ደግሞ በአሜሪካና በአውሮፓ ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 ወጣ። በ2018 ታድሶ በድጋሚ ለገበያ ቀርቧል። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ጋኔን የከበዱ ብዙ ቦሶች፣ ማለትም ዋና ዋና ጠላቶች፣ ተሠርተዋል። የካፕራ ዲመን ስም ግን ዛሬም ሲነሳ ተጫዋቾች ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። እኔም ስለ እርሱ መጻፍ የፈለግሁት አለምክንያት አይደለም። ፈጣንና ዘላይ ጠላት እንዴት እንደሚሸነፍ፣ ለብዙ ሰው ለምን እንደማይሸነፍም፣ ከዚህች ጠባብ ግቢ የበለጠ የሚያስረዳ ቦታ አላውቅም።

ነገሩ የሚጀምረው ከግቢው ውጭ ነው። በዳርክ ሶልስ ጠላት በተገደለ ቁጥር ተጫዋቹ ነፍስ ያጠራቅማል። ነፍሱ ገንዘቡም ነው፤ ገጸ ባሕርዩን በደረጃ የሚያሳድገውም በእርሱ ነው። ሲሞት ያጠራቀመው ሁሉ የሞተበት ቦታ ይቀራል። ተመልሶ እዚያው ከደረሰ ያነሳዋል፤ መንገድ ላይ ድጋሚ ከሞተ ግን ለዘለዓለም ይጠፋል። ካፕራ ዲመን የገደለው ሰው ንብረቱ የቀረው ጋኔኑ እግር ሥር ነው። ስለዚህ ከሞት በኋላ ከሚነቃበት ምድጃ ተነስቶ፣ ከየቤቱ ቢላ ይዘው የሚወጡትን ሌቦች አልፎ፣ እየሮጠ ይመለሳል። በሩን የሚገባው ነፍሱን ለማንሳት ነው፤ ለመዋጋት አይደለም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ ቀንዱ ላይ የሚደርሰው እንዲህ ሆኖ ነው።

ለመሆኑ ጥድፊያው ከየት መጣ? ዳርክ ሶልስ የሚመደብበት፣ አርፒጂ የሚባለው የጌም ዘርፍ ድሮ በአብዛኛው የሚያቻኩል አልነበረም። ተጫዋቹ ይመታል፣ ቀጥሎ ጠላት ይመታል፤ ተራው እስኪደርስ እንደ ገበጣ ተጫዋች ተቀምጦ ማሰብ ይቻላል። ዲያብሎም በመጀመሪያ የታሰበው በተራ የሚካሄድ ጌም ሆኖ ነበር። ከፈጣሪዎቹ አንዱ የሆነው ዴቪድ ብሬቪክ በኋላ እንደተረከው፣ ጊዜው ሳይቆም እንዲሄድ ይደረግ የሚለውን ሐሳብ እርሱ ራሱ መጀመሪያ ላይ ተቃውሞት ነበር። ባልደረቦቹ ሲስማሙ ግን ተቀምጦ ኮዱን በአንድ ከሰዓት በኋላ ለወጠው። ማውሱን ሲጫን ጀግናው ሄዶ አጽሙን ሲሰብረው የያዙት ነገር አዲስ መሆኑ ወዲያው ገባው። ጌሙ በ1996 መጨረሻ ወጣ። የዛሬው አክሽን አርፒጂ ትልቁ ግንድ እርሱ ነው።

ተራ ሲቀር ጊዜ ራሱ መሣሪያ ሆነ። በ2000 የወጣው ዲያብሎ 2 ሁለተኛ ምዕራፉን የሚጀምረው በረሃ ላይ ነው፤ እዚያ ሳንድ ሊፐር የሚባሉ ዘላይ ፍጡራን አሉ። ብቻቸውን ሲታዩ ደካሞች ናቸው። ነገር ግን ለመምታት ሲነጣጠርባቸው ያሉበትን ቦታ ለቀው ይነሳሉ፤ የተጫነው ቁልፍ ባዶ አሸዋ ይመታል። ተጫዋቹ ይናደዳል፣ ቶሎ ቶሎ ይጫናል፣ ቶሎ ቶሎ ይስታል። ዝላይ ለጌም ሠሪ ይህን ያህል ይጠቅመዋል። ተጫዋቹ ተማምኖበት የቆመውን ርቀት በቅጽበት ያፈርስበታል፤ ርቀቱ ሲፈርስ ሐሳቡም አብሮ ይፈርሳል።

እዚህ ላይ ዝላይን ፈትቶ ማየት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ዝላይ ሦስት ክፍል አለው፦ መዘጋጀት፣ አየር ላይ መሆንና ማረፍ። ካፕራ ዲመን ከመዝለሉ በፊት ጉልበቱን ይሸመቅቃል፣ ክንዶቹን ያነሳል። ይህ ለውበት ብቻ የተጨመረ አይደለም። የዲዝኒ አኒሜተሮች የነበሩት ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ከዘረዘሯቸው 12 የአኒሜሽን መርሆዎች አንዱ ይኸው ነው፤ ከትልቅ እንቅስቃሴ በፊት ተመልካቹን የሚያዘጋጅ ትንሽ እንቅስቃሴ መቅደም አለበት። በፊልም ይህ ለዓይን ጣዕም ነው። በጌም ውስጥ ግን ፍትሕ ነው። ጠላት ሳያስታውቅ ቢመታ ተጫዋቹ ከሞቱ የሚማረው ነገር አይኖርም።

የማስታወቂያው ርዝመት ደግሞ በሰው ገላ አቅም ይለካል። አንድ ጤነኛ ሰው ዓይኑ ያየውን አንድ ምልክት ተከትሎ ጣቱን ለማንቀሳቀስ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ዳርክ ሶልስ መጀመሪያ በወጣባቸው መሣሪያዎች ላይ ምስሉ በሰከንድ 30 ፍሬም ነበር የሚሄደው። ስለዚህ በዚያች ሩብ ሰከንድ ውስጥ ሰባት ስምንት ፍሬም ያልፋል። ቆንጨራው መውረድ ከጀመረ በኋላ ለማምለጥ የሚነሳ ሰው የሚሸሸው ካለፈ ነገር ነው። ፍጹም ቅጣት ምት የሚጠብቅ በረኛ ኳሷ ከእግር እስክትለቅ ከጠበቀ እንደማይደርስባት ሁሉ፣ እዚህም የሚነበበው መንደርደሪያው ነው። በረኛው የመቺውን ዳሌና የቆመበትን እግር ያያል፤ ተጫዋቹ የጋኔኑን ጉልበትና ትከሻ። ጣቱ የፈጠነ ሳይሆን ዓይኑ የቀደመ ነው የሚድነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ለብዙዎች የማይዋጥ ነው። ትልቅ ነገር ወደ እኛ ሲዘል ተፈጥሯችን ወደ ኋላ ሽሽ ይለናል። ጌም ሠሪዎች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። በአብዛኛው እንዲህ ያሉ ጠላቶች እየተዘጋጁ ሳሉ ፊታቸውን ወደ ተጫዋቹ እያዞሩ ያነጣጥራሉ፤ ከተነሱ በኋላ ግን አቅጣጫቸው ይቆረጣል። ወደ ኋላ በቀጥታ የሚሸሽ ሰው ከዝላዩ መስመር አልወጣም፤ ዝላዩ እርሱን የሚያገኝበትን ቦታ ብቻ ትንሽ ገፋው። ወደ ጎን የሄደ ይወጣል። ወደ ፊት፣ በጋኔኑ ሥር የተንከባለለ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ጋኔኑ ቆንጨራውን መሬት ላይ ሲያሳርፍ ሰውየው ጀርባው ላይ ቆሟል። በዳርክ ሶልስ ደግሞ በመንከባለል መሀል ምት ገላን የማይነካበት አጭር ቅጽበት አለ። በትክክለኛው ጊዜ የተንከባለለ ሰው ስለቱ በገላው ላይ ያልፋል እንጂ አይቆርጠውም።

መንከባለሉ ግን በሸክም ይወሰናል። የለበሰውና የያዘው ዕቃ ከመሸከም አቅሙ ሩብ በታች የሆነ ተጫዋች እንደ ላባ ይገለበጣል። እስከ ግማሽ ድረስ የጫነ መካከለኛ ነው። ከግማሽ ያለፈ እንደ ጆንያ ይወድቅና እስኪነሳ የጠላት ሲሳይ ይሆናል። የፈራ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ብረት መደራረብ ነው። በፍጥነት ለሚዘል ጠላት ደግሞ ያ ብረት ራሱ ካቴና የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ይህ ሁሉ ገብቶት እንኳ ካፕራ ዲመን ፊት የሚወድቅ ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱ ውሾቹ ናቸው። በ1952 ዊልያም ኤድመንድ ሂክ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ አሜሪካዊው ሬይ ሃይማን ያሳዩት አንድ ሕግ አለ፦ ሰው መምረጥ ያለበት አማራጭ በበዛ ቁጥር ምላሽ ለመስጠት የሚፈጅበት ጊዜ ይረዝማል። አንድ ጋኔን ብቻ ቢሆን ጥያቄው አንድ ነው፤ ይዘላል ወይስ አይዘልም? ሁለት ውሾች ሲጨመሩ አንዱ ጥያቄ ብዙ ይሆናል። የትኛው ቀድሞ ይደርሳል? ጋሻዬን ወደየት ላዙር? ግድግዳው ስንት እርምጃ ቀረው? ጋኔኑ አልፈጠነም። የተጫዋቹ ሐሳብ ነው የዘገየው።

ካሜራውም ከጠላት ወገን ይሰለፋል። ብዙ ተጫዋች ጋኔኑን ሲያይ ዕይታውን እርሱ ላይ ይቆልፋል፤ ከዚያ በኋላ ካሜራው ጋኔኑን ብቻ ይከተላል። ጋኔኑ ሲዘል ካሜራው ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል፤ መሬት ላይ ያሉት ውሾች ከዓይን ይሰወራሉ። ከኋላ ግንብ ካለ ደግሞ ካሜራው ግንቡን ተጠግቶ ገጸ ባሕርዩ ጀርባ ላይ ይለጠፋል፤ ስክሪኑ በትከሻና በድንጋይ ይሞላል። በሰፊ ሜዳ የሚረዳው ቁልፍ እዚህ ግቢ ውስጥ ዓይን ይጋርዳል። የሚሻለው ቁልፉን ፈትቶ ካሜራውን በአውራ ጣት እየመሩ ሁሉንም በአንድ ላይ ማየት ነው።

በአዲስ አበባ ሰፈሮች ባሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች እንዲህ ያለ ጌም እምብዛም አይታይም። እዚያ የሚነግሠው ኳስ ነው። የሚከፈለው በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው፤ ከኋላ ተረኛ ቆሟል፤ ለአንድ ጋኔን ከሰዓቱን ሙሉ የሚከፍል ማን ነው? ይህን የመሰለው ጌም የሚጫወቱት ቤት ውስጥ፣ በራስ ኮምፒዩተር፣ በር ዘግተው ነው። የእህቴ ልጅ እኔ ቤት ሲመጣ የሚጫወተው እንዲያ ነበር፤ እኔም አጠገቡ ወንበር ስቤ አያለሁ።

አንድ ምሽት ግቢው ውስጥ ደጋግሞ ሲወድቅ «ምን ገደለህ?» አልኩት።

«ጋኔኑ ነዋ ጋሼ!» አለኝ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

«እስቲ ድጋሚ ስትገባ እሱን ተወውና ከመሞትህ በፊት የሆነውን ነገር እይልኝ።»

ገባ፤ ሞተ። ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ትንሽ ዝም አለ። «ጋሼ፣ ውሻው ነው። ውሻው ሲነክሰኝ ደንግጬ እቆማለሁ። ጋኔኑ የሚያገኘኝ ያኔ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያደረገው ሁሉ ከዚህ መልስ የመጣ ነው። ሲገባ የመጀመሪያውን ምት በጋሻው ተቀበለ፤ ለመመለስ ግን አልሞከረም። በጋኔኑ ጎን አልፎ፣ የግቢውን ግድግዳ ተጠግቶ ወደ ላይ የሚወጣውን ጠባብ ደረጃ ሮጠ። ደረጃው ላይ ሁለት ውሻ ጎን ለጎን መምጣት ስለማይመቸው አንድ በአንድ መጡለት። ሁለቱንም እዚያው ጨረሳቸው። ጋኔኑ ተከትሎ ሲወጣ ከጫፉ ወደ ግቢው ወረደ፤ ጋኔኑም ተከትሎት ዘለለ። ልጁ ቆሞ አየው፣ ወደ ጎን ተንከባለለ፣ ጋኔኑ ሲያርፍ ሁለት ጊዜ መታና ራቀ። እንደገና ወደ ደረጃው። ሦስተኛው ዙር ላይ ድምፁ ተለወጠ፦ «ጋሼ፣ አሁን እኮ ዝግ ያለ ነው!»

ጋኔኑ አንዲት ፍሬም እንኳ አልዘገየም። ያ ዝላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያው ዝላይ ነበር። የተለወጠው ልጁ በአንድ ጊዜ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ቁጥር ነው። ከብዙ ወደ አንድ ሲወርዱ ሩብ ሰከንዱ በቃው። በዚህ ዓይነት ጌም ላይ «እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ አልችለውም» የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ የማዝነው ለዚህ ነው። እጃቸው ጤነኛ ነው። ያልተነገራቸው መጀመሪያ የጥያቄዎቹን ቁጥር መቀነስ እንዳለባቸው ነው።

ጌሙ ግን በራሱ መንገድ ነግሯቸዋል፤ በዚህ ሚያዛኪንና ባልደረቦቹን አደንቃለሁ። የዳርክ ሶልስ የመጀመሪያው ትልቅ ጠላት አሳይለም ዲመን ነው። ተጫዋቹ በተሰበረ ጎራዴ እጀታ ፊቱ ይጣላል፤ ትክክለኛው መልስ በጎን በር መሸሽ ነው። ቆይቶ ከላይ በረንዳ ላይ ሆኖ ድጋሚ ያገኘዋል። ከዚያ ዘሎ ስለቱን አናቱ ላይ ቢሰካበት አንድ ምት ከጋኔኑ ዕድሜ ትልቅ ቁራሽ ይወስዳል። ቀጥሎ የሚመጣው ቶረስ ዲመን የሚጋጠመው በከተማው ግንብ ላይ ነው። ተጫዋቹ ከገባበት በር አጠገብ መሰላል አለ፤ ወጥቶ ከማማው ጫፍ ላዩ ላይ መውደቅ ይችላል። ማማው ላይ ቆይቶ ያመነታ ከሆነ ግን ጋኔኑ ራሱ ዘሎ ይወጣበታል። ሦስተኛው ካፕራ ዲመን ነው፤ በእርሱም ግቢ ውስጥ ደረጃ አለ። ሦስቱ ጋኔኖች የሚያስተምሩት አንድ ትምህርት ነው፦ ጠላት ሲዘል አንተ ቀድመህ ከፍታውን ያዝ፤ ዝላዩን ከእርሱ ላይ ውሰድበት። በመጀመሪያው ክፍል ረጋ ብሎ ይነገራል፤ በሁለተኛው ጫን ተብሎ ይደገማል፤ በሦስተኛው ፈተናው በጩኸት መሀል ይሰጣል።

ፈተናው ፍትሐዊ ነው ወይ ለሚለው ግን ሙሉ በሙሉ ነው ብዬ አልከራከርም። ግቢውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው ደረጃውን ሳያይ ውሾቹ ይደርሱበታል። ማየት ያልተፈቀደለትን ነገር እንዲያነብ መጠየቅ አይገባም። ካሜራውም ከግድግዳው ጋር መጣላቱ የጠላት ጥበብ አይደለም፤ የአሠራር ጉድለት ነው። አንዳንድ ተጫዋቾች ተማርረው ከግቢው ውጭ ቆመው ቦምብ በግንቡ ላይ እየወረወሩ ጋኔኑን ሳያዩት ይገድሉታል፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ከዚያች የመጀመሪያ ቅጽበት ውጭ ያለው ሁሉ ሐቀኛ ነው። ጋኔኑ በእያንዳንዱ ሙከራ ያው ጋኔን ነው፤ ደረጃው ያው ደረጃ ነው፤ ባነበቡት ልክ ይከፍላል።

ተጫዋቾች ማንበብ እንደቻሉ ሠሪዎቹም አወቁ። በየካቲት 2022 የወጣው የዚያው ኩባንያ ጌም ኤልደን ሪንግ በስቶርምቬል ግንብ መግቢያ ላይ ማርጊት የሚባል ቦስ ያስቀምጣል። ማርጊት በትሩን ከፍ አድርጎ ያነሳና... ይጠብቃል። ለዓመታት «ክንድ ሲነሳ ተንከባለል» ብሎ የሠለጠነ ተጫዋች በልማድ ይንከባለላል፤ ተነስቶ ሲቆም በትሩ ያኔ ይወርድበታል። ውጊያው ሲጋል ደግሞ ከብርሃን የተሠራ መዶሻ ከአየር መዝዞ ይዘላል። እዚህ መዘጋጀቱን ማየት ብቻ አይበቃም፤ መቼ እንደሚያልቅም ማወቅ ያሻል። ማርጊት የሚቀጣው ፍርሃት ያስለመደውን የእጅ ሩጫ ነው። መድኃኒቱ ግን አልተለወጠም፤ ዓይን ከበትሩ ላይ ሳይነቀል መቆየት፣ ሲወርድ መንቀሳቀስ።

ዳርክ ሶልስ ውስጥ ብዙ ርቆ የተጓዘን ተጫዋች ግን አንድ የሚያስደስት ነገር ይጠብቀዋል። ከመሬት በታች፣ ቀልጦ የሚፈስ ዓለት ባለበት ዲመን ሩዊንስ በሚባለው ስፍራ፣ ካፕራ ዲመኖች እንደ ተራ ጠላት እዚህም እዚያም ቆመው ይገኛሉ። ከስክሪኑ ግርጌ የሚወጣው የቦስ ስም የላቸውም፤ ውሻም ግድግዳም የለም። በዚያች ግቢ ዋና ጭንቀቱ የነበረውን ፍጡር ተጫዋቹ በዚህ አንድ በአንድ እየለየ ይጥለዋል። ሠሪዎቹ ሆን ብለው ያደረጉት ይመስለኛል። ሰውን ያሸበረው ጋኔኑ ሳይሆን ከጋኔኑ ጋር የተደረደረው ነገር እንደነበር ከዚህ የበለጠ በግልጽ ሊያሳዩት አይችሉም ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ማታ የጭጋጉ ግድግዳ ፊት ለቆመ ሰው የምለው ይህ ነው። ከመግባትህ በፊት ሸክምህን አቅልል። መሬት ላይ የቀረችውን ነፍስ እንደጠፋች ቁጠራት፤ ካሸነፍክ እዚያው ታገኛታለህ። የመጀመሪያውን ምት በጋሻህ ተቀበልና ደረጃውን ያዝ፤ ውሾቹን እዚያ ጨርስ። ከዚያ ወርደህ ጋኔኑን በዓይንህ ጠብቀው። ጉልበቱን ሲሸመቅቅ እይ፣ ሲነሳ አትሽሽ፣ በጎኑ እለፍ። ሲያርፍ ምታው። ሁለት ምት ይበቃል፤ ብዙውን ሰው የሚገድለው ሦስተኛውን መመኘቱ ነው።